ለአራት ዓመት የተሰጠ አደራ

ሐምሌ አልቆ ነሐሴ ሲገባ፣ ትምህርት ቤት ገና ሳይከፈት፣ የዋሽንግተን አካባቢ ወበቅም ከማለዳው ጀምሮ ፊትን እንደ እንፋሎት ሲመታ፣ በአሌክሳንድሪያ ከተማ ከሚኖሩት ብዙ ኢትዮጵያውያን መካከል አንዱ አባት ልጁን ቀስቅሶ ወደ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ያደርሰዋል፤ ልጁም የራስ ቍሩንና የትከሻ መከላከያውን አንጠልጥሎ ወደ ጓደኞቹ ሲሮጥ፣ አባት በመኪናው ውስጥ እንደ ተቀመጠ ዓይኑ የሚያርፈው ፊሽካ በአንገቱ አድርጎ በሜዳው መካከል በቆመው ሰው ላይ ነው። የጨዋታውን ሕግ ላያውቀው ይችላል፤ ኳሱ ለምን በእጅ እንደሚያዝ፣ ዳኛው ለምን ቢጫ ጨርቅ እንደሚወረውር ልጁ ደጋግሞ አስረድቶት ይሆናል፤ ነገር ግን አባት ነውና ከዚህ ሁሉ የከበደ ጥያቄ በልቡ ይመላለሳል፦ ልጄን ለማን ሰጠሁ? ምንስ አድርጎ ይመልስልኛል?

አባቶቻችን ልጃቸውን ወስደው በየኔታ እግር ሥር ሲያስቀምጡት፣ ፊደል ቈጥሮ ዳዊት እንዲደግም ከመመኘታቸው ጋር፣ ጠባዩንና ልቡናውን ጭምር እንዲያርቁላቸው ዐደራ ይሉ ነበር። በአሜሪካ ሀገር ከዚህ የመምህርነት ሥራ ታላቁን ክፍል፣ ሕግ ሳይጽፈው ልማድ የሰጠው ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፉትቦል አሠልጣኝ ነው። በትናንሽ ከተሞች ዓርብ ማታ የሜዳው መብራት ሲበራ ነጋዴውም ገበሬውም ቄሱም ቤቱን ዘግቶ ይወጣል፤ የአሠልጣኙም ስም ከከንቲባው ስም ይልቅ በሰው አፍ ይመላለሳል። እንዲህ ያለው ሰው ታላቅ የሚባለው በምን ታላቅ ሆኖ ነው ብሎ መመርመር፣ ኳስ ለሚወድም ለማይወድም ወላጅ የሚገባ ነገር ይመስለኛል።

ፉትቦል የሚሉት ጨዋታ፣ አሥራ አንድ ለአሥራ አንድ ሆነው፣ ሁለት ጫፉ የሾለውን ኳስ ታቅፈው፣ በአራት ሙከራ አሥር ያርድ ለመራመድ አካል ለአካል የሚጋጠሙበት፣ ብርታትንና ሥርዓትን በአንድነት የሚጠይቅ ጨዋታ ነው። በየዓመቱ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ይጫወቱታል፤ ከመቶው ከዘጠና የሚበልጡት ግን ትምህርት ቤቱን ሲጨርሱ መለያቸውን አውልቀው ዳግመኛ አይለብሱትም። የደመወዝተኞች ቡድን አሠልጣኝ የተጓደለበትን ተጫዋች በገንዘብ ይተካል፤ የኮሌጁም አሠልጣኝ ከዳር እስከ ዳር ዞሮ የሚሻለውን ይመርጣል፤ የሁለተኛ ደረጃው ግን ቀጭኑንም ወፍራሙንም፣ ደፋሩንም ፈሪውንም፣ አባቱ የሞተበትንም እናቱ ሁለት ሥራ የምትሠራበትንም፣ በበሩ የገባውን ልጅ ተቀብሎ በአሥራ አራት ዓመቱ ተረክቦ በአሥራ ስምንት ዓመቱ ያስረክባል። በሳውዝ ካሮላይና በሰመርቪል ከተማ ከ1952 እስከ 2014 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር (ዓመቶቹን ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር እጽፋለሁ) ያሠለጠኑት ጆን ማኪሲክ፣ 621 ግጥሚያ አሸንፈው፣ ሥራቸውን ሲተዉ በአሜሪካ የድል ቍጥር ከማንም በላይ የነበሩ ሲሆን፣ ልሰለፍ ብሎ የመጣን ልጅ አትችልም ብለው አለመመለሳቸው ከድላቸው እኩል ይነገርላቸዋል።

እኔ የድልን ቍጥር አልንቅም፤ ልጆች የሚለፉት ለማሸነፍ ነውና፣ ሽንፈትን እንደ ጸጋ የሚሰብክ አሠልጣኝ ልጆቹን ያታልላቸዋል። ነገር ግን ብዙ ያሸነፉትን ሰዎች አሠራር ደጋግሜ ስመለከት፣ ከጨዋታው ጥበብ በታች አንድ ነገር ተቀብሮ አገኛለሁ፤ እርሱም ልጆቹ ለአሠልጣኙ ሳይሆን እርስ በርሳቸው ባለዕዳ እንዲሆኑ ማድረግ ነው። አሠልጣኝን የሚፈራ ልጅ አሠልጣኙ ሲያየው ብቻ ይሮጣል፤ ለጓደኛው ቃል የገባ ልጅ ግን ማንም ሳያየው ይሮጣል።

ለዚህ ነገር ከሁሉ የበለጠ ምስክር ሆኖ የማገኘው፣ ከሳን ፍራንሲስኮ በስተምሥራቅ በኮንኮርድ ከተማ የሚገኘው የደ ላ ሳል ትምህርት ቤት ነው። ስሙ የተወሰደው ከ1651 እስከ 1719 ከኖረው ፈረንሳዊው ካህን ከቅዱስ ዣን ባፕቲስት ደ ላ ሳል ነው፤ ይህ ሰው ሀብቱን ለድሆች በትኖ ልጆችን በነፃ የሚያስተምሩ ወንድሞችን ማኅበር ያቋቋመ፣ በ1950ም ጳጳሱ ፒዮስ 12ኛ የመምህራን ጠባቂ ብለው የሰየሙት ነው። የአዲስ አበባ ሰው ለዚህ ማኅበር እንግዳ አይደለም፤ ቅዱስ ዮሴፍ ትምህርት ቤትን የሚመሩት ወንድሞች የዚሁ ማኅበር ልጆች ናቸውና፣ በዚያ ግቢ የተማረ አንባቢ የምናገረውን መንፈስ ከእኔ ይልቅ ያውቀዋል።

በ1979 ቦብ ላዱሰር የሚባሉ፣ በሃያዎቹ አጋማሽ የሚገኙ ወጣት የኮንኮርዱን ቡድን ሲረከቡ፣ ቡድኑ ከተቋቋመ ጀምሮ ድሉ ከሽንፈቱ የበለጠበት አንድ ወቅት እንኳ አልነበረውም። ከ1992 እስከ 2004 ግን ይኸው ቡድን 151 ግጥሚያ በተከታታይ አሸነፈ፤ ከዚያ በፊት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተመዘገበው ከፍተኛው ተከታታይ ድል የሚሺጋኗ የሀድሰን ከተማ 72 ስለ ነበረ፣ ላዱሰር የቀድሞውን ወሰን ጥቂት አልፈው አልቆሙም፤ እጥፍ አድርገው ተሻገሩት። በትምህርት ቤቱ ውስጥ ግን ሰውዬው የሃይማኖት ትምህርት መምህር ነበሩ፤ ከሰዓት በኋላ ሜዳ ላይ የሚያገኙትን ልጅ ከሰዓት በፊት በክፍል ውስጥ ስለ ሕይወትና ስለ ሞት፣ ስለ ኃጢአትና ስለ ምሕረት ይጠይቁት ነበር።

ከሥራቸው ሁሉ ልቤን የነካው ካርዱ ነው። በየሳምንቱ ከግጥሚያው በፊት እያንዳንዱ ልጅ በትንሽ ካርድ ላይ በልምምድ፣ በአካል ማጠንከሪያና በግጥሚያው ምን ሊፈጽም እንደሚያስብ ይጽፋል፤ ከዚያም በቡድኑ ሁሉ ፊት ቆሞ ለአንድ ጓደኛው ያነብለትና ካርዱን በእጁ ይሰጠዋል። ካርዱን የሚቀበለው አሠልጣኙ አለመሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልኝ። ቃሉን የሚጠብቅበት፣ ሲሰንፍ የሚገሥጸው፣ ሲፈጽምም የሚመሰክርለት ያው ከጎኑ የሚሰለፍ እኩያው ነው። በግጥሚያው ዋዜማም ከአንዱ ተጫዋች ቤተሰብ ዘንድ ተሰብስበው እራት ይበላሉ፤ ከዚያ በፊት ወይም በኋላ በሚያደርጉት ጉባኤ፣ አሠልጣኞቹ ዝም ብለው ሲሰሙ፣ የአሥራ ሰባት ዓመት ጐረምሶች ተነሥተው ስለ ፍርሃታቸው፣ ስለ ቤታቸው ችግር፣ ስለ ጓደኛቸው ውለታ ይናገራሉ።

በጉባኤ ቤት ያለፈ ሰው ይህን ሲሰማ ቅጸላ ትዝ ይለዋል። የኔታ ትምህርቱን ሰጥተው ሲነሡ የዕለቱ ትምህርት አያልቅም፤ በዕድሜና በዕውቀት የቀደመው ተማሪ ታናሹን ያስቀጽለዋል፤ ታናሹም ነገ በመምህሩ ፊት ቢሰናከል የሚያፍረው ለራሱ ብቻ ሳይሆን ሌሊቱን አብሮት ለደከመው ወንድሙ ጭምር ነው። ታላቅ መምህር ደቀ መዛሙርቱ እርስ በርሳቸው መምህራን የሚሆኑበትን ሥርዓት ይሠራል፤ እርሱ በሌለበትም ትምህርቱ አይቋረጥም። የካሊፎርኒያው አሠልጣኝ ስለ አብነት ትምህርት ቤቶቻችን የሰሙት ነገር ያለ አይመስለኝም፤ ይሁን እንጂ ወጣቱን የሚያበረታው ነገር በሀገር ሁሉ አንድ ስለ ሆነ በሌላ መንገድ ሄደው ከዚያው ደጅ ደረሱ።

የዚያ ቡድን ልጆች ወደ ሜዳ የሚገቡት ሁለት ሁለት ሆነው እጅ ለእጅ ተያይዘው ነበር። በእኛ ሀገር ወንድ ልጅ የባልንጀራውን እጅ ይዞ በአደባባይ ቢሄድ ማንም ዘወር ብሎ አያየውም፤ በአሜሪካ ግን የአሥራ ሰባት ዓመት ጐረምሳ በብዙ ሺህ ተመልካች ፊት የጓደኛውን እጅ መያዝ፣ ከጠላት ጋር ከመጋጠም የማያንስ ድፍረት ይጠይቀዋል። አሠልጣኙ ልጆቹን ከዚህ ፍርሃት አስቀድሞ ነፃ ባያወጣቸው ኖሮ፣ ሌላውን ፍርሃት አያሸንፉትም ነበር ብዬ አምናለሁ።

አሁን ስለ ጨዋታው ጥበብ ጥቂት ልናገር፤ ምክንያቱም የአሠልጣኝ ልብ ከንግግሩ ይልቅ በመረጠው የአጨዋወት ስልት ይገለጣል። ላዱሰር የመረጡት ቪር የሚባለውን ስልት ነው። በዚህ ስልት ኳሱን የሚያስጀምረው ልጅ፣ ኳርተርባክ የሚሉት፣ አስቀድሞ የተቈረጠ ትእዛዝ ብቻ ይዞ አይነሣም። ኳሱን ከፊቱ ለሚያልፈው ሯጭ በሆዱ ላይ ያስደግፍለታል፤ በዚያችው ቅጽበት ሳይታገድ ሆን ተብሎ የተተወውን አንዱን ተከላካይ ይመለከታል፤ ተከላካዩ ወደ ሯጩ ቢጠጋ ኳሱን ስቦ ራሱ ይሮጣል፤ ባይጠጋ ለሯጩ ይተውለታል። ራሱ ሲሮጥም ሁለተኛ ተከላካይ ይጠብቀዋል፤ እርሱ ቢመጣበት ኳሱን ከጎኑ ለሚከተለው ጓደኛው ይወረውራል። ይህ ሁሉ ዓይን ተከድኖ በሚገለጥበት ጊዜ ውስጥ ይፈጸማል። በዚያች ቅጽበት አሠልጣኙ ከሜዳው ዳር ቆሞ ቢጮህም ድምፁ አይደርስም፤ ፍርዱ ያለው በአንድ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ እጅ ነው። ይህን ስልት የሚመርጥ ሰው ሥልጣኑን ለልጆች ማካፈል የማይፈራ ሰው መሆን አለበት፤ ያን ሥልጣን በድፍረት ከማካፈሉ በፊት ግን ከክረምት እስከ ክረምት፣ አንዲቱን እርምጃ ሺህ ጊዜ እያስደገመ፣ ልጁን ለፍርድ ማብቃት ይጠበቅበታል። የመከላከያ ግንብ የሚሆኑት ልጆቹም ከተቃዋሚዎቻቸው ብዙ ጊዜ በአካል ያንሱ ነበር፤ ዝቅ ብለው በአንድነት መነሣታቸው ግን ግዙፎቹን ይገፋ ነበር።

በእርግጥ ይህን ትምህርት ቤት የሚነቅፉ ብዙ ነበሩ፤ የግል ትምህርት ቤት ስለ ሆነ ከሰፊ አካባቢ ልጆችን ይሰበስባል፣ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ግን በሰፈራቸው ልጆች ይወሰናሉ ይላሉ። ነቀፌታው ከንቱ አይደለም፤ የሜዳው ሚዛን እኩል አለመሆኑን አምኜ እቀበለዋለሁ። ይሁን እንጂ ከሰፊ አካባቢ ተማሪ የሚቀበሉ የግል ትምህርት ቤቶች በዚያ ሀገር ስንትና ስንት ሲሆኑ፣ 151 ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈ ሌላ አልተገኘም።

ወደ አሌክሳንድሪያ ልመለስ፤ በዚያ ከተማ የሆነው ነገር የአሠልጣኝን ሥልጣን በሌላ ፊቱ ያሳየናልና። ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን ልጆቻቸውን የሚልኩበት፣ ለወላጆች የሚላከው ማስታወቂያም በአማርኛ ጭምር የሚጻፍበት የከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ እስከ 2021 ድረስ ቲ. ሲ. ዊልያምስ ይባል ነበር፤ ስሙም ጥቁርና ነጭ ልጆች አብረው እንዳይማሩ ከተከራከረ የትምህርት ኃላፊ የተወሰደ ነበር። በ1971 ከተማው የሦስቱን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የላይኛ ክፍል ተማሪዎች በዚህ ትምህርት ቤት ሲያዋሕድ፣ ሦስት ቡድን አንድ ቡድን ሆነ፤ ለአንድ ቡድንም አንድ ዋና አሠልጣኝ ብቻ ይበቃል። ከተማው ብዙ ዘመን ያወቃቸውና የሚወዳቸው ቢል ዮስት ነጭ ነበሩ፤ የተሾሙት ግን በሰሜን ካሮላይና 99 አሸንፈው 8 ብቻ የተሸነፉት ጥቁሩ ኸርማን ቡን ሆኑ።

ቡን ልጆቹን ወደ ጌቲስበርግ፣ በ1863 የእርስ በርሱ ጦርነት ታላቁ ውጊያ ወደ ተደረገበት ስፍራ፣ ለልምምድ ወሰዷቸው፤ በአውቶቡሱም በመኝታ ክፍሉም ጥቁሩንና ነጩን አሰባጥረው አኖሯቸው። በዚያ ወቅት ቡድኑ 13 ግጥሚያ አድርጎ 13ቱንም አሸነፈ፤ በሮአኖክ ከተማ የተደረገውን የቨርጂንያ ፍጻሜ 27 ለ 0 ረታ። በ2000 የወጣው ዴንዘል ዋሽንግተን የተጫወተበት ፊልም ታሪኩን ለዓለም አስተዋውቋል፤ ሆኖም ፊልም እንደ መሆኑ አንዳንዱን ነገር አዛውሯል፤ ለምሳሌ የቡድኑ አለቃ ጌሪ ቤርቲየር በመኪና አደጋ ሽባ የሆነው ከወቅቱ ፍጻሜ በኋላ ሲሆን፣ ፊልሙ ከመጨረሻው ግጥሚያ በፊት አድርጎ ያሳየዋል።

ስለ ቡን ስናገር እውነቱን ሳልሸፋፍን መናገር ይገባኛል። ጥብቅ ሰው ነበሩ፤ ከተማው በተከፈለበት በዚያ ዓመት ጥብቅነታቸው፣ በሁሉ ላይ እኩል ስለ ወረደ፣ ልጆቹን አንድ አደረጋቸው፤ ጥቁሩም ነጩም በአንድ ቀንበር ሥር ሲያልብ ወንድማማችነቱን ከስብከት ይልቅ ከድካሙ ተማረው። ነገር ግን በ1979 ተጫዋቾችን በቃልና በእጅ ይበድላሉ የሚል ክስ ተነሥቶባቸው ከዋና አሠልጣኝነታቸው ተነሡ። አንዱ ሰው በአንዱ ዘመን የሚያነሣው በትር በሌላው ዘመን ያው በትር ሆኖ አይቀርም፤ ተግሣጽ ዓይኑን በልጁ ላይ ሲያኖር፣ ቍጣ ግን ወደ ተቈጪው ይመለከታል፤ በመካከላቸው ያለውም ድንበር ቀጭን ነው፤ አሠልጣኝ ድንበሩን መሻገሩን ብዙ ጊዜ የሚያውቀው ሁሉ ካወቀው በኋላ ነው። እኛ በአለንጋ የተማርን ሰዎች ይህን ነገር በቀላሉ እንዳናልፈው እፈራለሁ፤ መትቶ ሰው አደረገኝ እያልን የምናመሰግነው መምህር፣ ሰው ያደረገን መምታቱ ሳይሆን ከመምታቱ ጋር የነበረው ፍቅር ሊሆን ይችላልና።

ስለ ቢል ዮስት ግን ሰው አብዝቶ ሲናገር አልሰማሁም። ለራሳቸው ይገባል ተብሎ ይጠበቅ የነበረውን ሹመት ሌላ ሰው ሲወስደው፣ ደጋፊዎቻቸው ሲቈጡና ብዙ ነጭ ተጫዋቾች እንወጣለን ሲሉ፣ እርሳቸው ግን ለአዲሱ አለቃ ረዳት ሆነው መከላከያውን ለማሠልጠን ቀሩ፤ እርሳቸው ሲቀሩ ልጆቹም ቀሩ። አንድ ዐዋቂ ሰው ከፍ ካለው ወንበር ወርዶ በሌላው ሥር ሲሠራ ማየት፣ ለዚያ ዘመን ነጭ ልጆች ከየትኛውም ትምህርት የበለጠ ትምህርት ነበር። ከሁለቱ ታላቁ አሠልጣኝ ማን ነበር ብሎ ለሚጠይቀኝ፣ ልቤ ወደ ዮስት ያዘነብላል። ሁለቱም በ2019 ዐረፉ፤ ዮስት በግንቦት፣ ቡን በታኅሣሥ።

ከነሐሴው አባት ጥያቄ ውስጥ ደግሞ የልጁ ሥጋ አለ። በቀድሞው ዘመን በበጋው ሐሩር ልጆችን ውኃ መከልከል ማጠንከሪያ ይመስላቸው የነበሩ አሠልጣኞች በዚያ ሀገር ሞልተው ነበር፤ ጭንቅላቱን ተመትቶ የተንገዳገደውንም ልጅ አይዞህ ብለው ወደ ሜዳ ይመልሱት ነበር። በ2006 በሰላማዊ ውቅያኖስ አጠገብ ባለችው በዋሽንግተን ግዛት አንድ የ13 ዓመት ልጅ ተመትቶ ሳለ ወደ ጨዋታው ተመልሶ ከባድ የአንጎል ጉዳት ደረሰበት፤ በእርሱም ምክንያት ያ ግዛት በ2009 ጭንቅላቱን የተመታ ተጫዋች ያለ ሐኪም ፈቃድ እንዳይመለስ የሚያዝ ሕግ አወጣ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም የቀሩት ግዛቶች ሁሉ መሰል ሕግ አወጡ። ሕግ መልካም ነው፤ ይሁን እንጂ በአራተኛው ክፍለ ጊዜ፣ ቡድኑ በሦስት ነጥብ ተበልጦ ሳለ፣ ከሁሉ የሚበልጠው ተጫዋች ዓይኑ ፈዝዞ ደኅና ነኝ ሲል፣ ሕጉ ሩቅ ነው፤ ቅርብ ያለው አሠልጣኙ ነው። የወላጆች ጩኸት፣ የከተማው ጋዜጣ፣ የልጁም የራሱ ልመና ሁሉ አንድ ቃል ይጠይቁታል፤ እርሱ ግን የልጁን የራስ ቍር ተቀብሎ፣ እንዳይመለስ በእጁ ይዞት ቢቆም፣ ያን ማታ በመሸነፉ የሚያጣው አንዳች ነገር የለም ብዬ በሙሉ ልቤ እናገራለሁ። በአንገቱ ላይ ያለችው ፊሽካ የተሰጠችው ለዚህ ጭምር ነው።

በኮንኮርድም መከራ አልቀረም። በነሐሴ 2004 ቡድኑን ጨርሶ ወደ ኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ሊሄድ ጥቂት ቀን የቀረው አንድ ወጣት በካሊፎርኒያዋ ሪችመንድ ከተማ በጥይት ተገደለ። ሦስት ሳምንት ያህል አልፎ፣ ልቡ ገና ያላገገመው ቡድን በሲያትል ከተማ ከቤልቪው ትምህርት ቤት ጋር ገጥሞ 39 ለ 20 ተሸነፈ፤ በ1992 የተጀመረው ድል በዚያ ቀን ቆመ። 151ን የሚቈጥር ሰው ይህን ቀን እንደ ፍጻሜ ይጽፈዋል፤ እነዚያ ልጆች ግን በዚያው መስከረም እንደ ወትሮው ካርዳቸውን ጽፈው ለጓደኛቸው ማንበብ ነበረባቸው።

ላዱሰር ከዚያ በኋላ ስምንት ወቅት አሠለጠኑ። በዲሴምበር 2012 ቡድናቸው የካሊፎርኒያን ፍጻሜ የኮሮና ከተማውን ሴንቴኒያል 48 ለ 28 አሸንፎ ጨረሰ፤ በዚያች ሌሊት የድላቸው ቍጥር 399፣ ሽንፈታቸው 25፣ አቻ የወጡበት 3 ነበር። የሚቀጥለው ወቅት የመጀመሪያ ድል አራት መቶኛቸው በሆነ ነበር፤ ጋዜጦችም ቀኑን አስቀድመው ሊያከብሩት በቻሉ። በጃንዋሪ 2013 ዋና አሠልጣኝነቱን ትተው፣ ጀስቲን አለምባው ለሚባሉ፣ በእርሳቸው እጅ ተጫውተው ላደጉ የቀድሞ ተማሪያቸው አስረከቡ።